ከወንድም እጅ የሚዋጥ ክኒን

«እስር ቤት ይናፍቃል እንዴ?» ብትሉት ጋሽ መርፌ መጀመሪያ ይቆጣል። «የምን መናፈቅ ነው? ጤና የላችሁም?» ይላል። ከዚያ መነጽሩን ያወልቅና በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ስለዚያች ስለ ሕሙማን ክፍል ማውራት ይጀምራል። አንዴ ከጀመረ ደግሞ ማን ያስቆመዋል። ልጁ ድሮ ይህን ወሬ ስትሰማ ይከፋት ነበር፤ አሁን ግን ወጥ ቤት ሆና እየሳቀች ትሰማዋለች።

እሱ የሚናፍቀው አጥሩን አይደለም። ቆጠራውንም፣ ትኋኑንም፣ የሽንት ቤቱን ወረፋም አይደለም። የሚናፍቀው ከልብስ ስፌቱ ክፍል ጀርባ ያለችውን ጠባብ ቤት ነው። ቆርቆሮዋ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ቋ ቋ እያለ ይነቃል። ከመስኮቷ ሥር እርጥብ አሸዋ የተሞላ የሸክላ ማሰሮ ነበር፤ ማቀዝቀዣ ስላልነበረ የስኳር በሽተኞቹ ኢንሱሊን የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። ስኳር ያለበት፣ ግፊት ያለበት፣ አስም ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት እስረኛ ሁሉ እዚያች ክፍል ተጠጋግቶ ይኖራል። ራሳቸው ያወጡላት ስም «መለዋወጫ» ነበር። «መለዋወጫ የጠፋለት ሁሉ የሚቆምባት ጋራዥ ናት» ይሉ ነበር።

ጋሽ መርፌ ልብስ ሰፊ ነው፤ ስኳርም አለበት። እንጀራውም ዕድሜውም በመርፌ ስለሆነ ስሙ ከዚያ መጣ። የገባው በጨርቅ መቀስ ነው። ከሱቅ ተጋሪው ጋር በማይረባ ነገር ተጣሉ፣ መቀሱ እጁ ላይ ነበረ፣ ሰውየው ሞተ። ልጁ ያኔ ገና ጥርሷን ያልነቀለች ሕፃን ነበረች። ስለዚህ ነገር ብዙ አያወራም፤ እኛም እንለፈው።

ከጎኑ የሚተኛው ፍሬን ይባላል። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። የሚጥል በሽታውን ደብቆ ሲነዳ መሪው ላይ ጣለውና መንገድ ዳር የቆመ ሰው ገደለ። ፍርድ ቤት ቀርቦ «ፍሬን እምቢ አለኝ» አለ፤ እስረኛ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ አይለቅም፣ ስሙ ፍሬን ሆኖ ቀረ። ፍሬኑ ደህና እንደነበረ ግን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሲስተር የሚሏት የክፍሏ ነርስ ናት። ቁመቷ አጭር ነው፣ ስትቆጣ ግን ዋርድያዎቹም ቀና ብለው አያዩአትም። ሥራ እንደጀመረች አንድ ነገር ታዘበች። የምታድለው ክኒን ግማሹ ፍራሽ ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ይሰለቸዋል፣ አንዱ ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀምጣል፣ ፍሬን ደግሞ ምላሱ ሥር ደብቆ ወጥቶ ይተፋዋል። ለምን እንደሚተፋ ስትጠይቀው «ያ ሰውዬ ምን መድኃኒት አገኘና ነው እኔ የምውጠው» አላት። አልተከራከረችውም። በማግስቱ የሁሉንም መድኃኒት ሰብስባ አቀያየረችው።

«ከዛሬ ጀምሮ የራሱን መድኃኒት የሚይዝ የለም» አለቻቸው። «ያንተን እሱ ይይዛል፣ የሱን አንተ። እኔ እናንተን አውቃችኋለሁ። ለራሳችሁ ሲሆን ሰነፎች ናችሁ፤ ለሰው ሲሆን ግን አትረሱም።»

የፍሬን ክኒን ለጋሽ መርፌ ደረሰ፣ የጋሽ መርፌ ኢንሱሊን ለፍሬን። ጋሽ መርፌ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለየአንዳንዱ ትንሽ ከረጢት ሰፋ፤ እንዳይቀላቀል በየክሩ ቀለም ለየው። የፍሬን ከረጢት በቀይ ክር ተዘመዘመ። ፍሬን አገላብጦ አየውና «ቀይ አበራህብኝ ማለት ነው፣ እንግዲህ እቆማለኋ» አለ።

ጠዋት ጠዋት የሚያደርጉት ነገር ነበር። ፍሬን ክኒኑን ከጋሽ መርፌ መዳፍ ላይ አንስቶ በውሃ ይውጥና አፉን ይከፍታል። «ምላስህን አንሳ» ይለዋል ጋሽ መርፌ። ያነሳል። ጋሽ መርፌ እንደ ትራፊክ ኮስተር ብሎ ወዲያ ወዲህ ያይና «እሺ፣ መንጃ ፈቃድህ ለዛሬ ታድሷል፣ እለፍ» ይለዋል። ከዚያ ተራው የፍሬን ነው። ብልቃጧን ከማሰሮው ያወጣል፣ ጋሽ መርፌ ተወግቶ እስኪጨርስ፣ ቁርሱንም እስኪቀምስ ድረስ ከፊቱ አይሄድም። «በቃ፣ ለዛሬ ተዘምዝመሃል» ብሎት ነው ወደ ሥራው የሚወጣው። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ቀልዷ አላረጀችም።

ጋሽ መርፌ ስኳሩ ሲወርድ አንድ መጥፎ ጠባይ ነበረው፣ ነገረኛ ይሆናል። ሰላም ያለውን ሰው ሁሉ መሳደብ ይጀምራል፤ እጁ መንቀጥቀጡን ራሱ የሚያውቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሌላው ሰው ይቀየመው ነበር። ፍሬን ግን ሲሰደብ ሮጦ ስኳር ያመጣለታል። «ዛሬ እናቴን አነሳ፣ ውሃ ውስጥ በጥብጡለት» ይላል። ይቺን ሲያወራ ጋሽ መርፌ እስከ ዛሬ እንባው እስኪመጣ ይስቃል።

ታዲያ የተፈታው እንደ ማንም በድንገት ነው። ጠዋት ፍሬንን አስውጦ፣ ከረጢቷን እንደ ልማዱ የሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ከትቶ፣ ስፌት ማሽኑ ላይ ተቀምጧል። ዋርድያው በበሩ ብቅ ብሎ «ጋሽ መርፌ፣ ከነዕቃህ ውጣ» አለው። ይህን ቃል ስንት ዘመን ጠብቆታል፤ ሲመጣ ግን እጅ እግሩ ተሳሰረ። «ቶሎ በል እንጂ፣ ወረቀትህ አልቋል፣ ልጅህም ውጭ ቆማለች» ይለዋል ዋርድያው። የሚፈታ ሰው ልብሱን ለሚቀሩት ትቶ ይወጣልና ብርድ ልብሱን ለአንዱ፣ ጃኬቱን ለአንዱ ሰጠ። ፍሬንን ልሰናበተው ቢል፣ አትክልት ቦታ ወጥቷል፣ የሚመለሰው አመሻሽ ላይ ነው አሉት። በሩ ከኋላው ተዘጋ።

ልጁ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ነበር። አክስቷ ዘንድ ነው ያደገችው፤ አልፎ አልፎ በሽቦ ማዶ አይቷታል እንጂ እጇን ጨብጦ አያውቅም። ትልቅ ሴት ሆናለች። የተተኮሰ ቡናማ ኮት በክንዷ ላይ ይዛለች። «እንኳን ለዚህ አበቃዎት» አለችው። አንቱ አለችው፣ እንደ እንግዳ ሰው። ጋሽ መርፌ ልቡ ስንጥቅ አለ፤ ግን ምን መብት አለኝ ብሎ ዋጠው።

ኮቱን ራሷ አለበሰችው። ልክ ነው፣ ትከሻው ላይ ትንሽ ሰፋ ከማለቱ በቀር። እንደ ልብስ ሰፊ ወጉ ደረቱን በመዳፉ ሲያስተካክል እጁ ከረጢቷ ላይ አረፈ። ቀልቡ ተገፈፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲስተር ፈቃድ ላይ ናት፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ ይዛለች። የሷ ተተኪ ቁስል ከማሰር ያለፈ ሥልጣን የለውም። ለዚያ ብላ እስክትመለስ የሚበቃውን የፍሬን ክኒን ሁሉ ከረጢቷ ውስጥ ቆጥራ ትታ ነው የሄደችው። አንድ ጊዜ ክኒኑ ያለቀበት ፍሬን ወድቆ ግንባሩን የአልጋ ብረት ላይ ተርትሮታል፤ ሲስተርም «ሁለተኛ እንዲህ ከወደቀ እንዲነሳ ቃል አልገባላችሁም» ብላ ነበር። የሚቀጥለውን ክኒን የሚውጠው ማታ ነው። ክኒኑ ደግሞ አሁን መንገድ ላይ ቆሟል።

ጋሽ መርፌ ዞሮ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ ያለው ዋርድያ እስረኛው ሁሉ «አይሆንም» ብሎ የሚጠራው ሰው ነው፤ ሌላ ቃል ሲወጣው የሰማ የለም።

«አለቃ፣ አንዴ ልግባና ልውጣ።»

«አይሆንም።»

«የፍሬንን መድኃኒት ይዤ ወጥቻለሁ።»

«አይሆንም።»

«እሺ፣ አንተ አድርስልኝ።»

«ከውጭ የመጣ መድኃኒት ያለ ሐኪም ወረቀት አይገባም። ሕጉን አታውቅም እንዴ? አንተ እኮ አሁን የውጭ ሰው ነህ።»

ጋሽ መርፌ ዙሪያውን ቃኘ። «በል እሰረኝ» አለው።

«በምን?»

«ልስደብህ።»

«በስድብ አናስርም። በስድብ ብናስርማ አንተን መቼ እንፈታህ ነበር» አለና ዋርድያው መስኮቷን ዘጋት።

ልጁ ከኋላው ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ ተለዋውጧል። «ተመልሰው ሊገቡ ነው?» አለችው። «እኔ ያደግኩት ይህን ቀን ስጠብቅ ነው። ኮቱን የት እንደምሰቅለው፣ የት እንደምንቀመጥ ሳስብ ነው የከረምኩት። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው አስገቡኝ ይላሉ።»

«እኔ ካላስዋጥኩት ይወድቃል» አላት። ስለ ከረጢቷ፣ ስለ ሲስተር፣ ስለ አልጋው ብረት እየተንተባተበ አስረዳት።

«እኔስ ስወድቅ?» አለች። «እኔን ማን ነበር የሚያነሳኝ?»

  የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ እሷም ራቅ ብላ ቆመች። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ጠዋት ተወግቶ የበላው ቁራሽ ዳቦ ነው፣ በግርግሩ መሐል ምሳ ያሰበለት የለም። ልጁ ጠጋ ብላ «እንሂድ በቃ፣ ነገ አመልክተን እንመለሳለን» ስትለው ጦር ሆነባት። «ሂጂ አንቺ፣ ማን ነይ አለሽ! ኮት አንጠልጥሎ መምጣት ዘመድ መሆን መሰለሽ?» አላት። ልጅቷ ድርቅ ብላ ቀረች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ልትሄድ ተነሳች፤ እውነቷን ነው፣ ማንም ቢሆን ይሄዳል።

ያን ጊዜ ጋሽ መርፌ እጁን አየ። እየተንቀጠቀጠ ነው። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። «ልጄ» አላት ድምፁ ተለውጦ። «ስሳደብ ስኳር ነው የሚሰጡኝ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ እጁን አየች፣ ፊቱን አየች፣ መንገዱን ሮጣ ተሻግራ ከሱቅ ለስላሳ ይዛ ተመለሰች። ጠርሙሱን ራሷ ይዛ አጠጣችው፣ አንገቱን በሌላ እጇ ደግፋ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑ ጠራ። «ፍሬን ነበር ይህን የሚያውቅልኝ» አላት። «ስሰድበው አይቀየምም። እሱ ባይኖር አንቺ ዛሬ የምትወስጂው አባት አልነበረሽም።»

ልጅቷ ጠርሙሱን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች።  በሩ አጠገብ፣ በዕቃ ማስገቢያው መስኮት ሰዎች ፌስታል ያቀብላሉ። «በዚያ በኩል ምንድን ነው የሚገባው?» አለችው።

«ምግብ። ልብስ። የእኔን ግን አይቀበሉም፣ የተፈታ ሰው ለእስረኛ ዕቃ አያስገባም።»

«የእኔን ይቀበሉኛል» አለች። ኮቱን አየችው። ያን ኮት ለመግዛት ስትዞር ከርማለች፤ ጠዋት ራሷ ተኩሳዋለች። እሱም ኮቱን አየ፣ አውልቂልኝ ለማለት ግን አፉ አልታዘዘውም። እሷ ናት ቁልፎቹን የፈታችው።

ከሱቁ መርፌና ቀይ ክር ገዛች። እጁ ገና ስላልረጋ ክሩን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ያስገባችለት እሷ ነች። ጋሽ መርፌ መንገድ ዳር ተቀምጦ የኮቱን ጫፍ ተረተረ፣ ክኒኖቹን በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በገበሩ ውስጥ ደረደረ፣ መልሶ ዘመዘመው። በዕድሜው እንደዚያ ያማረ ዝምዝማት ሰፍቶ አያውቅም፤ እሱ ራሱ ነው የሚለው። በመጨረሻ የታችኛውን ቁልፍ ነቀለና በቀይ ክር መልሶ ተከለው። ፍሬን ቀይ ካየ ይቆማል።

ልጅቷ ኮቱን በሱቁ የጨርቅ ከረጢት አድርጋ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጋሽ መርፌ ከሱቁ ጥግ ተከልሎ ያያል። ቢያዙ የምትታሰረው እሷ ናት፣ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። አይሆንም መታወቂያዋን ተቀብሎ አገላበጠው።

«ለማን ነው?»

የፍሬንን የመዝገብ ስም ነገረችው።

«ምንሽ ነው?»

«አጎቴ ነው» አለች፣ ሳታመነታ።

ዋርድያው ኮቱን ዘረጋው። ኪሶቹን ገለበጠ፣ ክንዶቹን ጨበጠ፣ ከዚያ ጣቶቹ ጫፉን ይዘው ቀስ ብለው መጡ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ቀና ብሎ ልጅቷን አያት፤ ከዚያ በትከሻዋ በኩል አሻግሮ የሱቁን ጥግ አየ። ጋሽ መርፌ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ዋርድያው ጎንበስ ብሎ ቀዩን ክር አየና ኮቱን ደህና አድርጎ አጠፈው።

«ይገባል» አለ።

ለመሄድ ግን አልቻሉም። የዕቃው ከረጢት ባለቤቱ ከተቀበለ በኋላ ባዶውን ይመለሳል፣ ደርሶት እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። ፍሬን ደግሞ ከአትክልት ቦታ የሚመጣው አመሻሽ ላይ ነው። ስለዚህ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ዳቦ ገዝታ ተካፈሉ። አክስቷ እንዴት አድርጋ እንደ ቀጣቻት፣ ትምህርት ቤት በማን ጠረጴዛ እንደተቀመጠች፣ የመጀመሪያ ደመወዟን ምን እንዳደረገችበት ነገረችው። እሱ የሚነግራት ያችኑ ክፍል ስለሆነ እሷኑ ነገራት፣ ቆርቆሮውን፣ ማሰሮውን፣ መንጃ ፈቃዱን። አንዴ ሳቀች፤ ሳቋ የእናቷ ነበር። ጋሽ መርፌ ያን ከሰዓት በኋላ ከዕድሜው ሁሉ ያስበልጠዋል። ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ነበር፣ አልበረደውም።

ጥላው መንገዱን ሲያለብስ አይሆንም ከበሩ ወጣ። ባዶውን ከረጢት ለልጅቷ ዘረጋላት። «አጎትሽ ዛሬ ምን ነክቶታል?» አለ፣ ጋሽ መርፌን ሳያይ። «ኮቱን ይዞ ገባ፣ ሲወጣ ፊቴ ቆሞ አፉን ይከፍትብኛል። ምላሱን አንስቶ ያሳየኛል። ‹ለዛሬ ተዘምዝመሃል በለው› አለኝ፤ ማንን እንደሚል አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።» ይህን ብሎ ተመለሰና በሩን ዘጋ።

ከረጢቱ ግን ባዶ አልነበረም። ልጅቷ እጇን ብትከት አንድ እግር እርጥብ ካልሲ አገኘች። ካልሲው ውስጥ፣ እንደ ማሰሮው አሸዋ ቀዝቅዛ፣ የጋሽ መርፌ የኢንሱሊን ብልቃጥ ነበረች። በጭንቀቱ የራሱን መድኃኒት ውስጥ ትቶ እንደወጣ እሱ ፈጽሞ ረስቶታል። ፍሬን አልረሳም። ልጅቷ ካልሲውን ደረቷ ላይ አስጠግታ መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች። «እንሂድ፣ አባዬ» አለችው፤ «ሳይሞቅብህ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሆነ። ፍሬን ሳይፈታ ሞተ። የገደለው ያ በሽታ አይደለም፣ ሳንባው ነው። ሲስተር ጡረታ እንደወጣች አድራሻ አፈላልጋ መጥታ ኮቱን ለጋሽ መርፌ አስረከበችው፤ እስከ መጨረሻው ይለብሰው ነበር አለች። ጋሽ መርፌ የዚያን ቀን እንደ ልጅ አለቀሰ። ኮቱ ዛሬም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፣ ቀዩ ክር አልለቀቀም። ቤቱ ውስጥ ማቀዝቀዣ አለ፤ ብልቃጧን ግን ጠዋት ጠዋት አውጥታ የምትሰጠው ልጁ ናት። ከሷ እጅ ካልሆነ አይወጋም። «እንደ ሕፃን አስለምደውብኛል» እያለች ታማዋለች።

በቀደም ለት ይህቺው ልጅ ከሐኪም ቤት መጣች። ምንም አልነገረችውም። እሱ ግን ከቦርሳዋ ጥግ ብቅ ያለ አራት ማዕዘን የመድኃኒት ፌስታል አየ፤ በማግስቱም እንደታሸገ ነው፣ በሦስተኛውም ቀን። የግፊት ክኒን ነው፣ ከመለዋወጫ ያውቀዋል። የሷ ነገር ከማን እንደመጣ እሱ አይጠፋውም፣ ለራሷ ሰነፍ ናት። አልተቆጣም። የስፌት ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትንሽ ከረጢት ሰፋ፣ አፏን በቀይ ክር ዘመዘመ፣ ወጥ ቤት ሄዶ መዳፉን ዘረጋላት።

ልጅቷ ከረጢቷን አየች። ፌስታሉን አምጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችው።

ጠዋት ብልቃጧን ሰጠችው፣ ተወጋ፣ ቁርሱን እስኪቀምስ ከፊቱ ቆመች። ከዚያ እሱ ከደረት ኪሱ አንድ ክኒን አውጥቶ ከውሃ ጋር አቀበላት። ዋጠች። አፏን ከፈተች።

«ምላስሽን አንሺ» አላት።

አነሳች። ጋሽ መርፌ እንደ ትራፊክ ኮስተር ብሎ ወዲያ ወዲህ አየ። ቀሪውን ግን አላለም። ከበሩ ጀርባ ወደ ተሰቀለው ኮት ዞረ።

«ታድሷል በለኛ፣ አባዬ» አለችው፤ «ሥራ እየረፈደብኝ ነው።»